ልጄን በጎን የሳልኩ ጊዜ

ካርቱም ውስጥ የሚስል ሰው አቧራን ያውቃል። ቀለሙ ሳይደርቅ ነፋስ ከተነሣ ሸራው ላይ አሸዋ ይቀራል። መጀመሪያ ላይ አንድ አንዱን በመርፌ ጫፍ እለቅመው ነበር። በኋላ ተውኩት። ከዚያ ዘመን የቀሩኝን ሥዕሎች ዛሬ በመዳፌ ስዳብሳቸው ከተማው ይሰማኛል፤ ሻካራ፣ ሞቃት፣ ከሰዓት በኋላ እንደተኛ ሰው ቀስ ብሎ የሚተነፍስ።

ወደዚያ ከተማ የገባሁት ለሥዕል አልነበረም። እንደ ብዙዎቻችን ለቤት ሠራተኝነት ነው። ሪያድ በሚባለው ሰፈር፣ አጥሩ ረጅም በሆነ ቤት አራት ዓመት ሠራሁ። ከዚያ ወጥቼ አገባሁ፤ ልጄን ወለድኩ። አባቷ ገና ዳዴ ሳትል ዐረፈ። እግዚአብሔር ነፍሱን በገነት ያኑርልኝ። እኔና ልጄ ጀብራ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን ቀረን። ክፍሏ ጠባብ ነበረች፤ መስኮቷ ግን ትልቅ ነው። ተመስገን ብዬ ገባሁባት።

መሳል ከአባቴ ያየሁት ነው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። እኔ ቀለም እፈጭለት፣ ጨርቅ እወጥርለት ነበር። ሴት ልጅ ቡሩሽ ይዛ ወደ መቅደሱ ግድግዳ አትቀርብም፤ ማየትን ግን የከለከለኝ አልነበረም። ካርቱም ላይ ያ ያየሁት እንጀራ ሆነኝ። የእኛ ሰው ምግብ ቤት ሲከፍት ግድግዳው ላይ ፏፏቴ ይፈልጋል፤ ፏፏቴ እስልለታለሁ። ምእመናን ለቤታቸው የእመቤታችንን ሥዕል ይፈልጋሉ፤ በስመ አብ ብዬ፣ ጾሜን ውዬ እስልላቸዋለሁ። በዚህ ኖርን።

አርብ በካርቱም የዕረፍት ቀን ስለሆነ ልጆቻችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የሚማሩት አርብ ነው። እኔም እዚያ በበጎ ፈቃድ ሥዕል አስተምር ነበር። አብዛኞቹ እዚያው የተወለዱ ናቸው። እርስ በርሳቸው የሚጫወቱት በዐረብኛ ነው፤ አማርኛው ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ከማውራት ይልቅ ሥዕል አንሥቼ መጠየቅ ይቀለኝ ነበር።

«ይሁዳ የቱ ነው?»

«ይሄ!»

«በምን አወቃችሁ?»

«በአንድ ዓይን!»

የአባቴ ትምህርት ነው። በእኛ አሣሣል ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ሆኖ፣ ሁለቱም ዓይኖቹ እየታዩ ይሳላል። ከሃዲው፣ ሰይጣኑ፣ ጌታን የሚገርፉት ወታደሮች በጎን ይሳላሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ ይኖራቸዋል። «ፊታቸውን ከእግዚአብሔር ስላዞሩ ነው» እያልኩ አስተምራለሁ። ልጄ ሁልጊዜ ፊት ትቀመጣለች። ከሁሉም ቀድማ የምትመልስ እሷ ነበረች።

ከካርቱም ሠዓሊዎች ጋር የተገናኘሁት መሰላል ላይ ቆሜ ነው። የአንድ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ፏፏቴ እየሳልኩ ሳለ፣ ከሥሬ ሻይ የሚጠጡ ሱዳናዊ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝ።

«እኅቴ፣ ይሄን ውኃ በዓይንሽ አይተሽው ታውቂያለሽ?» አሉኝ በዐረብኛ።

«አላየሁትም።»

«ያስታውቃል። ሥሩ ተቀምጬ አንዲት ጠብታ አልነካችኝም።»

ተናድጄ ወረድኩ። «እርስዎ ሠዓሊ ነዎት?»

«ሠላሳ ዓመት ሥዕል አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። አሁን የቀረኝ ሥራ ሰው ማናደድ ነው።»

እሳቸውና አምስት ሠዓሊዎች ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር አንድ አሮጌ የብረት ሥራ ቤት ተከራይተው አብረው ይስሉ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እንድመጣ ጋበዙኝ። እንደ ሌሎቹ እኔም ኡስታዝ አልኳቸው፤ መምህር ማለት ነው። ልጄን ለጎረቤት ትቼ፣ ሁለት ሃፍላ፣ አውቶቡስ ማለት ነው፣ ለውጬ፣ ድልድዩን ተሻግሬ እሄድ ጀመር።

ድልድዩ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ሰው ሁሉ ይራገማል። እኔ ደስ ይለኝ ነበር። መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ጥቁር ዓባይን አያለሁ፤ እነሱ ሰማያዊ ይሉታል። በክረምት እንደ ሸክላ ጭቃ ቀይ ነው። በበጋ ግራጫ ይሆንና ከሰማዩ ጋር ድንበሩ ይጠፋል። ሙቀቱ ዓይኔን ይከድነዋል። ስገልጠው ውኃው እንዳለ አለ፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ ከብርሃኑ መካከል ምንም ሳይነካ የቆመ ይመስላል። ከአገሬ የመጣ ውኃ ነው፤ ግን አገሬን አያስታውሰኝም ነበር። ራሱን ብቻ ነበር የማየው። እስከዚያ ድረስ አንድን ነገር እንዲሁ አይቼው አላውቅም። ይህን ያስተማሩኝ ኡስታዝ ናቸው።

የሚያስተምሩት እንዲህ ነው። የቆርቆሮው ጣሪያ ሥር አንድ ማሰሮ ያስቀምጡና «ሳዪው» ይላሉ። እስለዋለሁ። መጥተው ያያሉ።

«ይሄ ማሰሮ የማን ነው?»

«እዚህ ያለው ነው፣ ኡስታዝ።»

«አይደለም። ይሄ የአባትሽ ማሰሮ ነው። አባትሽን አላህ ይማረው፣ ጎበዝ ሰው ነበር። አሁን ይሄኛውን ሳዪልኝ።»

ለዓመት ያህል የአባቴን ማሰሮ ሳልኩ። ከዚያ አንድ ቀን ፊቴ ያለውን ማሰሮ ሳልኩ። ኡስታዝ አዩትና ሻይ ቀዱልኝ።

ልጄን የሳልኳት ከዚያ በኋላ ነው። ዐሥር ዓመቷ ነበር። ዝናብ ሊገባ ሲል ያለው ጊዜ፣ አየሩ የሚቆምበት። መብራት ሄዷል። ከትምህርት ቤት መጥታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ነፋስ ፍለጋ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። አገጯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ ውጭ ታያለች። ከግንባሯ እስከ አገጯ ድረስ ብርሃን እንደ ክር ወርዶ ነበር። መተንፈስ ፈራሁ። ብነካት የምትበን መሰለኝ።

«ምን እየሠራሽ ነው፣ እማ?»

«አትዙሪ። አንቺን ነው።»

«ቆንጆ አድርጊኝ እሺ።»

«ቆንጆ ያደረገሽ ሌላ ነው። እኔ እገለብጣለሁ።»

አምስት ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲሁ ተቀመጠችልኝ። አንዳንዴ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ብርሃኑ ግን እስኪሄድ ይጠብቀኛል። ያ ክፍል፣ ያ ዝምታ፣ ሩቅ የሚሰማ የባለ ሦስት እግር ሪክሻ ድምፅ። ጸሎት ላይ ያለሁ ያህል ነበር። በጎን ስስላት የአባቴ ሕግ አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም። ያ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሕግ ነው። ይሄ መስኮታችን ነው፤ ልጄ ናት። ሥዕሉን አቧራ እንዳይነካው ወደ ባሕሪ ወስጄ እዚያ ስለ ጨረስኩት እሷ አላየችውም።

በዚያ ዓመት የባሕሪ ሠዓሊዎች ዓባይ ዳር ባለ አንድ አዳራሽ የሥዕል ትርኢት አሳዩ። የእኔም ሦስት ሥዕሎች ገቡ። ልጄን በበሩ ፊት ለፊት የሰቀሏት ኡስታዝ ራሳቸው ናቸው። «ከካይሮ አንድ ሰው ይመጣል» አሉኝ። «እዚያ ለሚደረግ ትርኢት ሥዕል ይመርጣል። እሑድ ይደርሳል። ይቺን ካላየ ጢሜን እላጫለሁ።» እኔ የፏፏቴ ሠዓሊ ነኝ። ካይሮ የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ እንደ ሕልም ዋለ።

የመክፈቻው ዕለት ማክሰኞ ነበር። ከሰዓት በኋላ ልጄን ነጭ ቀሚስ አልብሼ ወሰድኳት። ጀላቢያ የለበሱ ወንዶች፣ ጦብ የተከናነቡ ሴቶች፣ ኹዋጃ የሚሏቸው ነጮችም ነበሩ፤ ቀዝቃዛ ከርከዴ ይዞራል። ከቤተ ክርስቲያናችንም ሴቶች ነጠላቸውን ለብሰው መጡልኝ። እግዜር ያክብራቸው፣ እኔን ብለው ነው የመጡት። ከመካከላቸው አንዷ ቀልደኛ ሴት የልጄ ሥዕል ፊት ቆመችና ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«አንቺ ሴትዮ! ይቺ ልጅ ምን ብትበድልሽ ነው ከይሁዳ ጋር ያስቀመጥሻት?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ክፋት አልነበረበትም። ልጄን ፈልጌ ስዞር ሥዕሉን እያየች ነው። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። እጇን ያዝኩት፤ ቀዝቅዟል። ወደ ግቢው ይዤያት ወጣሁ።

«እማ» አለች በሹክሹክታ፣ «ማን ነገረሽ?»

«ምኑን?»

አየችኝ። ከዚያ አፏን ዘጋች።

ረቡዕም ሐሙስም አልተናገረችም። ታዛለች፣ ትበላለች፣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ አትናገርም። የገባኝ አንድ ነገር አጥፍታ እንደሆነ ብቻ ነው። ምን እንደሆነ አላውቅም። አልተቆጣሁም፤ ፈራሁ እንጂ። እመቤቴን «ልጄን መልሺልኝ» አልኳት። ሌላ ቃል አላገኘሁም።

አርብ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ስንለብስ አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«አልሄድም። አንድ ዓይን ነኝ።»

ነጠላዬን እንደያዝኩ ውጭው ጠቆረ። አቧራው መጣ። ካርቱም ውስጥ ለኖረ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ላልኖረ ሰው፣ ግድግዳ የሚያህል ደመና መሬት ለመሬት መጥቶ ከተማውን ይውጠዋል። ሮጬ መስኮቱን ዘጋሁ፤ ስንጥቁን በእርጥብ ጨርቅ ወተፍኩ። ክፍሉ ብርቱካን መልክ ያዘ። ከዚያ ቡናማ። ነፋሱ በሩን ይዞ ይንጠዋል። ፊቷ አይታየኝም ነበር፤ የእሷም ድምፅ የመጣው ምናልባት እኔም ስላልታየኋት ነው።

«ማተቤን» አለች። «ትምህርት ቤት በር ላይ እፈታዋለሁ። ኪሴ ውስጥ አደርገዋለሁ። ስመለስ አስረዋለሁ። ወላሂ ሁልጊዜ አስረዋለሁ፣ እማ።»

እርጥቡን ጨርቅ ስንጥቁ ላይ መልሼ ጫንኩት።

«ልጆቹ ክፉ አይደሉም። ‹ይሄ ክር ምንድን ነው?› ይላሉ። አዲስ ልጅ ስትመጣ ትጠይቃለች። በየቀኑ። ሰለቸኝ። ሰው አይቶኝ ነገረሽ። ስለዚህ እንደ ከዳተኛ ሳልሽኝ።»

ማንም አልነገረኝም ነበር። እንዲያ ብዬ ማልኩላት። ማተብ ለእኛ ምን እንደሆነ እኔ ነኝ ያስተማርኳት። እናቴ ብትሆን ትገርፈኝ ነበር። እኔ ግን ሪያድ ሰፈር የሠራሁበት ቤት ትዝ አለኝ።

«እኔም ደብቄዋለሁ» አልኳት። «አንቺ ሳትወለጂ። የመጀመሪያው ቤት ስገባ ክሩን በጥሼ ቦርሳዬ ውስጥ አደረግኩት። አራት ወር። ማንም አውልቂ አላለኝም። የቤቱ እመቤት ደግ ነበሩ። ራሴ ነኝ የፈራሁት።»

«አንቺ?»

«እኔ።»

ነፋሱ ትንሽ በረደ። ቀስ ብላ ተጠጋችኝ።

«ጴጥሮስ ጌታን ስንት ጊዜ ካደው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ሦስት።»

«በስንት ዓይን ነው የምንስለው?»

አሰበች። «በሁለት።»

«አየሽ።»

ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። እሷ ግን የእኔ ልጅ ናት።

«እሱ ሦስት ጊዜ ክዶ ሁለት ዓይን አለው» አለች። «ታዲያ እኔን ለምን በአንድ?»

«ከዚያ በኩል አምረሽ ስለታየሽኝ ነው።»

«ሌላኛውንም ሳዪልኝ።»

በጎን ፊት ላይ ሁለተኛ ዓይን ቦታ የለውም። ይህን ላስረዳት ፈለግኩ። ከዚያ ተውኩት። ኡስታዝ ሊገባቸው ይችላል፤ ዐሥር ዓመት ለሆናት፣ ሦስት ቀን በልቧ ስታለቅስ ለከረመች ልጅ ግን ምን ብዬ? የሳልኩት ሁሉ ተሰብስቦ ያን አንድ ሥዕል አያክልም። ይህን አውቅ ነበር። እሺ አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ሄጄ ሥዕሉን ከግድግዳው አወረድኩ። ኡስታዝ መንገዴን ዘግተው ቆሙ።

«ወዴት?»

«ቤት። ትንሽ የሚቀረው ነገር አለ።»

«ምንም አይቀረውም! ሰውየው ነገ ይመጣል!»

«ነገ ከቅዳሴ መልስ አመጣዋለሁ፣ ኢንሻላህ።»

«ወይ አላህ። አንቺ ኢንሻላህ ስትዪ እፈራለሁ።» ሥዕሉን በአንሶላ ስጠቀልለው ቆመው አዩኝ። ከዚያ አንሶላውን ከእጄ ወስደው ራሳቸው በደንብ ጠቀለሉት። ሪክሻ ድረስ ተሸከሙልኝ።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ከኋላዬ ቆመች። በስመ አብ አልኩ። ጉንጯ ላይ፣ ብርሃኑ ያረፈበት ላይ፣ አባቴ እንዳስተማረኝ አድርጌ ሁለተኛ ዓይን ሳልኩ፤ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ቀጥ ብሎ የሚያይ። ያ ሁሉ ዝምታ ከሥዕሉ ወጥቶ ሄደ። ሲሄድ ታወቀኝ። ቡሩሹን አስቀመጥኩ።

«ይኸው፣ የኔ ዓለም።»

ልጄ ቀረበች። ራቀች። አንገቷን አዘነበለች።

«እማ!» አለች። «እንቁራሪት አደረግሽኝ!»

ልከፋ ነበር፤ አየሁት፤ እውነቷን ነው። እንቁራሪት። ሳቁ መጀመሪያ ከእሷ መጣ፣ ከዚያ ከእኔ። ወለሉ ላይ ተቀምጠን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እንባዋን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ ተነሥታ የእኔን የቀለም ጨርቅ አመጣች።

«አጥፊው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ያላ እማ፣ ሳይደርቅ!»

ጨርቁን በቀለም ማቅጠኛ አራስኩና ጠረግኩት። ጨለም ስላለ እሷ መብራት ያዘችልኝ። ዓይኑ ጠፋ። ጉንጯ ላይ ግን አመድማ ጥላ ቀረ፤ የቱንም ያህል ብጠርገው አልለቀቀም። ከጥላው ሥር የነበረውም ብርሃን እንደ ቀድሞው አልተመለሰም።

እሑድ ሥዕሉን ቦታው ላይ ሰቀልኩት። ኡስታዝ ጥላውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ከካይሮ የመጣው ሰው መጣ። የልጄ ሥዕል ፊት ጥቂት ቆመ፤ አለፈ። ከእኛው መካከል የአንዱን ወጣት ሥዕል መረጠ። ወጣቱ የሚገባው ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ድልድዩ ላይ ትንሽ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ከሐዘን ነው ብል እዋሻለሁ፤ ከደስታ ነው ብልም እንዲሁ። ልጄ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ነበር፤ እስክንተኛ ድረስ ስታወራኝ አመሸች።

ማተቧን ትምህርት ቤት በር ላይ መፍታቷን ትታ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ለመጠየቅ ብዙ ጊዜ አፌ ድረስ መጣ፤ መልሼ ዋጥኩት።

ዝናቡ ገብቶ ባለበት ወቅት አንድ ቀን የክፍል ጓደኛዋን ይዛ መጣች። ጎረቤት ሰፈር ያለች፣ አፏ የማያርፍ ሱዳናዊት ልጅ ናት። ምንጣፉ ላይ ተጋድመው የሒሳብ ደብተር ዘርግተዋል። እኔ ጥግ ላይ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ቡሩሽ አጥባለሁ።

«ይሄ አንገትሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለች ልጅቷ።

እጄ ውኃው ውስጥ ቆመ።

«ማተብ ነው» አለች ልጄ። «ክርስትና ስነሣ የታሰረልኝ።»

«ለምን ሰማያዊ ሆነ?»

«ጥቁሩ ጠፋብኝ። ኪስ ውስጥ ሲገባ ሲወጣ ይጠፋል። ሰባተኛውን ሠርተሻል?»

«አልሠራሁም። አንቺስ?»

«እኔም። ነይ፣ ከስምንተኛው እንጀምር።»

አልዞርኩም። ቡሩሾቹን አንድ በአንድ አጥቤ፣ ጠጉራቸውን በጣቴ አስተካክዬ፣ እንዲደርቁ መስኮቱ ላይ ደረደርኳቸው።